ለእሽቅድምድም መኪና የተቀመጠ ሽምግልና

የኛ ሰው መኪና አያውቅም። አውቃለሁ የሚለው ደግሞ ከማያውቀው ይብሳል። አትላንታ ውስጥ መኪና ማለት ለሱ ኤሲው የሚቀዘቅዝ፣ ስልክ የሚገናኝበት ሶፋ ነው። ስቶን ማውንቴን ያለችው ጋራዤ በር ላይ ፓርክ ያደርግና "እንዲህ እንዲህ የሚል ድምፅ አለው" ብሎ አፉን አሹሎ ያስመስልልኛል። ዘይት መቼ ቀየርክ ስለው "ኧረ በቅርቡ ነው" ይላል። ቅርቡ ሁለት ዓመት ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከኮፈን ስር ተጎንብሼ የሰማሁት ይኸንኑ ነው።

ከሁሉም የባሰው ግን የሚስቴ ወንድም ነው። ሥራው ቤት ማሻሻጥ ነው። ሐምሌ ላይ ሱፍ ለብሶ ጋራዥ ይመጣል፤ ከዚያ ዘይት እንዳይነካው በጣቱ ጫፍ እየሄደ "ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ወለል መቼ ነው የሚጠረገው?" ይለኛል። አንድ ቀን ደወለና "ጉድ አግኝቻለሁ፣ ቶሎ ና" አለኝ። ኬኔሶ አካባቢ ለሽያጭ የሚያዘጋጀው ቤት ጓሮ መጋዘን አለ፤ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት አሮጌ መኪኖች ተቀምጠዋል፤ ባለቤቱ በቃ አንሳልኝ ብሎ በርካሽ ሰጥቶታል። እሱ የገዛው፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቀይ ስለሆኑ ነው።

ሄድኩ። መኪኖቹ የለበሱትን ሸራ ስገልጠው አፌን ያዝኩ። ድራግ የሚሉት እሽቅድምድም መኪኖች ናቸው። ይህ እሽቅድምድም ጥምዝ የለው፣ ዙር የለው፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆምና መብራት ሲበራ ሩብ ማይል ቀጥ ብሎ መብረር ነው፤ አለቀ። ለዚህ ብቻ የተሠራ መኪና ወንበሩ አንድ ነው። ቢገለበጥ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ ውስጡ በወፍራም የብረት ቱቦ ተዋቅሯል። ክብደት ይቀንሳል የተባለ ነገር ሁሉ ተነቅሎ ወጥቷል፤ የበር መስታወት እንኳ የለውም። አንደኛው መኪና አካሉ ጤነኛ ነው፣ ሞተር ግን የለውም። የሁለተኛውን ወለል ዝገት ጨርሶታል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ስለዚህ ሁለት መኪና ተባለ እንጂ ተገጣጥመው የሚወጣቸው አንድ ነው። የቱቦዎቹን ብየዳ በጣቴ ዳሰስኩት። የበየደውን ሰው አላውቀውም፤ እንዲህ አድርጎ የሚበይድ ሰው ግን ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም።

ዳሰስኩት አልኩ እንጂ በግራ እጄ ነው። በዚያ ሰሞን የቀኝ እጄ ጣቶች መደንዘዝ ጀምረው ነበር። ቡሎን ይዤ የያዝኩ አይመስለኝም። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ነርቭ ነው አለኝ፤ የብረት መፍጫና የመዶሻ ንዝረት ሰላሳ ዓመት ሲበላው የኖረ ነርቭ። ሥራውን ካልተውክ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ብትሠራበት ነው፤ ግራውም ይከተላል አለኝ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። እጄ ሳይከዳኝ አንድ መኪና፣ አንድ ብቻ፣ ከቡሎኑ እስከ ቀለሙ ድሮ እንደነበረው አድርጌ ልመልስ አልኩ ለራሴ። ሰላሳ ዓመት የሰው ፍሬን ሸራ ስቀይር ኖሬ፣ ይቺ እንኳ ትቅርብኝ?

ያ ሱፍ ለባሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ልጄ ልታገባ ነው አይደል? የሙሽሮች መኪና እናደርገዋለን!"

"ወንበሩ አንድ ነው" አልኩት።

"ጨምርበታ! ቆዳ ወንበር፣ ኤሲ፣ መስታወት፣ አሪፍ ሙዚቃ። መንገድ ላይ የሚነዳ ነገር አድርገው። የቆመ መኪና ለምን ይጠቅማል?"

"ይህ መኪና ለመንገድ አልተሠራም።"

"እንዴ፣ ጎማ አለው አይደለም እንዴ?"

ደሜ ፈላ። ያልኩትን አልደግመውም፤ እናቱንና አባቱን ግን አልነካሁም። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ሚስቴ መሐል ሆና "ለቆርቆሮ ብላችሁ" እያለች ትነተርከኛለች። እሷም እኮ ቆርቆሮ አለችው!

የሆነው ሆኖ፣ ሰውዬው ሽማግሌ ላከብኝ። ለመኪና! እዚህ አገር ሁለት ሰው በመኪና ቢጣላ ጠበቃ ይቀጥራል ወይ ተሰዳድቦ ይለያያል። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋራዥ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ላይ እናስቀምጣለን። አንዱ ዱሉዝ ውስጥ የባልትና ሱቅ ያለው ነው፤ በርበሬ እንጂ ቤንዚን አሽትቶ አያውቅም። ሁለተኛው ሆስፒታል ኤክስሬይ አንሺ ነው፤ ማሽን ስለሚነካ ራሱን መሐንዲስ አድርጎ ይቆጥራል። ሦስተኛው ሰማንያ የተጠጉ አባት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗን ከመሠረቷት አንዱ ስለሆኑ እሳቸው ሲናገሩ ሁሉም ጸጥ ይላል።

በጸሎት ተከፈተ። "ጌታ ሆይ፣ በነዚህ ወንድሞች መካከል የገባውን የጠላት ሥራ አፍርስ" አለ ባለ ሱቁ። ጠላት ሲል አንድ ዓይኑን ከፈት አድርጎ መኪናውን ሲያይ አየሁት። አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ክርክሩ ቀጠለ። ኤክስሬይ አንሺው ሁለቱን መኪናዎች ዞሮ አየና የአዋቂ ሳል ሳለ። "መኪናው ሁለት ነው፣ ሰዉ ሁለት ነው። አንድ አንድ ቢደርሳቸውስ?"

"አንዱ ሞተር የለውም፣ አንዱ ወለል የለውም" አልኩት። "በሽተኛ ሲመጣልህ ሳንባውን ለአንዱ፣ ልቡን ለሌላው ታካፍላለህ?"

"ተረጋጋ ወንድሜ" አለ ባለ ሱቁ። እንዲህ ሲባል የተረጋጋ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አባታችን ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሲሰሙ ቆዩ። "እስቲ ልጠይቅህ ልጄ" አሉኝ። "ይህ መኪና ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ቀጥታ ነው አባቴ። ሩብ ማይል።"

"ከዚያስ?"

"ይቆማል።"

"ሲቆምስ?"

"ተጎትቶ ይመለሳል።"

ሦስቱም ሳቁ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እነዚህ ሰዎች፣ እሑድ እሑድ አርባ ማይል ነድተው መዝሙር ዘምረው፣ አርባ ማይል ነድተው የሚመለሱ ሰዎች፣ በዚህ መኪና ይስቃሉ!

ሳቁ ሲበርድ አባታችን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አየህ፣ እሱ ምክንያቱን ነግሮናል፤ ለልጁ ሠርግ ነው። አንተ ግን እንደድሮው ይሁን ከማለት በቀር ያልከን ነገር የለም። ሌላ የልብህ ነገር ካለ ንገረን።"

ልነግራቸው እችል ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ጣቶቼን ማሳየት ብቻ ነው። ግን ለማን? ለበርበሬ ነጋዴው? በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ስሜ ተጠርቶ እጄ እንዲጸለይለት? የሚስቴ ወንድም ፊቱን አሳዝኖ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እንዲያደርገኝ? ዘወር ይበል!

"ሌላ ምክንያት የለኝም አባቴ" አልኳቸው። "ትክክሉ እሱ ስለሆነ ነው።"

"እንግዲያው ተካከሉ" አሉ።

ፍርዱም መጣ። የኛ ሽምግልና አንዱን ትክክል ነህ ብሎ አያሰናብትም፤ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ አግኝቶ ትንሽ ትንሽ ተከፍቶ መሄድ አለበት። የመሬት ድንበር ሲሆን ይህ ያስኬዳል፤ የባልና ሚስት ጠብም ሲሆን እሺ። መኪና ግን! ሞተሩ እኔ እንዳልኩት እንደነበረው ይመለስ፤ ውስጡ እሱ እንዳለው ለሙሽሮች ይሁን ተባለ። ግማሹ እሽቅድምድም፣ ግማሹ ሳሎን። ኤክስሬይ አንሺው "መካከለኛ መንገድ" ብሎ እጁን በእጁ መታ። ያ ሞተር ትራፊክ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ እንደማይችል፣ የኋላ ወንበር እንዲገባ ደግሞ ቱቦዎቹ መቆረጥ እንዳለባቸው ከነሱ መሐል አንዱ አላሰበም።

"እሺ በል" አሉኝ። የሽማግሌ ቃል ይሰበራል እንዴ? ሚስቴስ በየትኛው ፊቷ እሑድ ትሄዳለች? እሺ አልኩ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ከይሲ አቀፍኩት፤ ሽቶው ሦስት ቀን ልብሴ ላይ ነበር።

ሞተሩን አምስት ወር ሠራሁት። ስለሱ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። መጀመሪያ ሳስነሳው ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንዲት ሴትዮ ግማሽ ራሷን እንደተሠራች ወጥታ አየችኝ። ከዚያ መፍጫውን አንስቼ ቱቦዎቹን ቆረጥኩ። ሌላ ሰው አልቆረጣቸውም። እኔ ነኝ፤ በሁለት እጄ፣ ቀኙን በፕላስተር ከመያዣው ጋር አስሬ።

ከሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሙሽሪት ራሷ መጣች። እዚሁ ያደገች ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ትልቅ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ አንተም አንቱም ለሷ ያው ነው። ውስጡን አየችና የተቆረጡትን ቱቦዎች በጣቷ ነካች።

"አንክል፣ ዌይት። ይሄን ቆረጥከው?"

"ሌላ ምን ላድርግ? አንቺ እንድትቀመጪበት ነው።"

"እኔ? ላይክ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ መኪና ፈልጌያለሁ አላልኩም።" ወደኔ ዞረችና "አንተስ ካልፈለግክ ለምን እሺ አልክ?" አለችኝ።

"ሽማግሌ ገብቶ ነዋ።"

"ሶ?"

ይህች ሶ! ልጅቷ ሙሽራ ባትሆን ኖሮ በመፍቻ ነበር የምሸኛት።

የሠርጉ ዕለት አጀቡ ጡሩምባውን እያስጮኸ መንገድ ወጣ፤ የሙሽሮቹን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። ቬሎዋ ከቆዳው ወንበር ተርፎ በመስኮት ወጥቷል፤ ሙሽራው ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሷል፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ ሁለቱም ጆሯቸውን ይዘዋል። ሀይዌይ ላይ ትራፊኩ ቆመ። ሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ፤ አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ራዲያተሩ ፈልቶ እንፋሎቱ ነጭ ጭስ ሆኖ ቀለሙን ሸፈነው። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ወርዳ የቪዲዮ አንሺው ቶዮታ ውስጥ ገባች። እኔ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቼ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ በሚኒቫን ሲያልፉ አየሁ። ባለ ሱቁ እጁን አውለበለበልኝ! አይ ሰው!

ወር ያህል ቆይቶ የሚስቴ ወንድም ብቻውን መጣ። ሱፍ አልለበሰም። ወለሉ ዘይት ነበር፤ ረግጦት ገባ።

"አንተ ትክክል ነበርክ" አለኝ። "እኔ ከንቱ ነገር አስቤ አበላሸሁት። አሁን እንደዚያ እንዳልከው መልሰው። ቱቦውን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም። ልጅቷም እንደዚያ ብታየው ደስ ይላታል። የጊዜ ገደብ አልሰጥህም፣ ሐሳብ አልሰጥህም። የፈለግከውን ሥራ።"

ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ቃል ይኸው ነው። በዚያ ሰሞን ግን ሸሚዝ መልበስ ትቼ ነበር፤ ሚስቴ ቁልፉ አልቆለፍ ሲለኝ እንዳታይ በቲሸርት ነው የምውለው። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ አንዲት የሞተር ካንዴላ ለመፍታት ሦስት ጊዜ መፍቻ ጥዬ፣ ደንበኛውን ነገ ና ብዬ ሸኝቼው ነበር። ግራውም ተከትሏል።

"ለዚህ ቆሻሻ የማጠፋው ጊዜ የለኝም" አልኩት። "ውሰድና ሽጠው።"

ፊቱ ጥቁር አለ። "እሺ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ" አለና እጁን ዘረጋልኝ።

ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ባወጣቸው ይጨብጠኛል፤ ከጨበጠኝ ጣቶቼ እንደማይጨብጡ ያውቃል። እጁን እንደዘረጋ ብዙ ቆመ።

"ይህን ያህል ትንቀኛለህ?" አለኝ።

ፊቴን ወደ መኪናው አዞርኩ። እንደናቅኩት አምኖ ሄደ።