ውሃው የሚደፋ ጎመን

ባለፈው ቅዳሜ ጎመን ቀቅዬ የመጀመሪያውን ውሃ ስደፋ ልጄ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዴንተን ከተማ ነርሲንግ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሁድ የምትመጣው ልብሷን ልታጥብና እኔን ልታስተምር ነው። አረንጓዴው ውሃ እየጨሰ ሲወርድ አየችና ጮኸች።

«እማ! ቫይታሚኑን እኮ ሲንክ ውስጥ ደፋሽው!»

«ይሂድ» አልኳት።

«ሶ፣ የቀረው ምንድነው? ቅጠል ብቻ እኮ ነው።»

«ቅጠሉን ነው የምንበላው።»

ሳቀች። እኔ ሌላ ውሃ ጨምሬ እንደገና ጣድኩት። ድንችም ስሠራ እንዲሁ ነው፤ ልጬ በስሱ እከትፈዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ። በቤቴ ኩላሊቱ የታመመ ሰው የለም፣ ተመስገን። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከሥራ ሲመለሱ ቶሎ የሚደርስ፣ ዘይት የማይበዛበት የአትክልት ምግብ ሲፈልጉ እኔን ይጠይቃሉ፤ እኔም ደስ እያለኝ እነግራቸዋለሁ። ውሃውን ለምን እንደምደፋ ግን የጠየቀችኝ የለችም። የመጀመሪያው ውሃ ሲደፋ የሚወጣ ሽታ አለው፤ ትንሽ የእርጥብ መሬት፣ ትንሽ የብረት ሽታ። እሱ በሸተተኝ ቁጥር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ምንጣፉ የቀድሞ ተከራዮችን ውሻ የሚሸት ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ከሱዳን በስደተኝነት ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖናል። አባቴ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ግሬፕቫይን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እኔ ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። ቅዳሜ ጧት አባቴ ገበያ ሄዶ ቆስጣውን፣ ድንቹን፣ ካሮቱንና ቀይ ሽንኩርቱን ከታክሲው ኋላ ይጭንና፣ ቤት ለማድረስ ሰዓት ካጣ ከነጭነቱ ወደ ኤርፖርት ይሄዳል፤ የስንቱ ተሳፋሪ ሻንጣ ከሽንኩርት ጋር ተላፍቶ ሆቴል እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው። ማታ ሽንኩርቱን የሚከትፈው ራሱ ነበር። ዓይኑን እንዳያቃጥለው የፀሐይ መነጽሩን ያደርጋል፣ ሀይዌይ ላይ እንዳለ ሰው ፊቱን ኮስተር ያደርጋል፣ እናቴም ከምድጃው አጠገብ ሆና «ሹፌሩ፣ ቀስ በል፣ ፖሊስ አለ» ትለዋለች። እጇ ምንም ብትታጠብ የሆቴሉን በረኪና ይሸታል፤ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ሁለቱ ሽታ ይደባለቃል፤ እኔ የእናት ሽታ የሚባለው እሱ ይመስለኝ ነበር።

ጾም ሲገባ ቤታችን ቀለም ይለብሳል። ቀይ ሥር፣ ድንች በቲማቲም፣ ቆስጣ፣ ምስር ክክ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። እናቴ አሥር ሰዓት ሙሉ ሠርታ ከመጣች በኋላ ይህን ሁሉ ታደርሳለች። ሥጋ የማያምረኝ ልጅ ሆኜ ያደግሁት በእሷ እጅ ነው።

በአራተኛው ዓመት የአባቴ እግር አበጠ። መጀመሪያ ብዙ መቀመጥ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጨው ነው ተባለ፣ በመጨረሻ ኩላሊት ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሙን በማሽን ያጥቡለት ጀመር። እሱ አላማረረም። «ማሽኑም ሹፌር ነው፤ ደሜን አዙሮ ይመልሳል» ይል ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሕክምናው ቦታ የምግብ ባለሙያ ሦስታችንንም ጠራችን። ቀይ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ነበረች። አስተርጓሚ በስልክ ልጥራ ወይ ብላ ጠየቀች። ለአባቴ ነገርኩት።

«አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? ልጄ አለች አይደል! እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው በያት» አለኝ።

አፍሬ ሙገሳውን ግማሹን አስቀርቼ ነገርኳት።

ሴትዮዋ በጾም ምን እንደሚበላ ጠየቀች። እናቴ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ቆጠረች፤ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ቆስጣ ነው፣ ድንች ነው፣ ቲማቲም ነው፣ ምስር ነው። ጎበዝ የምትባል መስሏት ነበር፣ እኔም መስሎኝ ነበር። የሴትዮዋ ፊት ግን በየአንዳንዱ ስም እየጠቆረ ሄደ። ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ተናገረች። እነዚህ ምግቦች ለጤነኛ ሰው መልካም ናቸው፤ ውስጣቸው ያለውን ፖታሺየም ግን የአባትሽ ኩላሊት ማስወጣት አይችልም፤ ደሙ ውስጥ ይከማችና አንድ ቀን ልቡን ቀጥ ያደርገዋል፤ ምንም ሳያመው ሊሞት ይችላል፤ ይህን በትክክል ንገሪው። ጡጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ መብላት የሚችለውን በወረቀት ሰጠችኝ፤ ቅጠልና ድንች የግድ ካማረውም ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋ ብላ ጻፈችበት።

አባቴ እየጠበቀኝ ነበር። እየፈገገ ነበር።

እኔ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ሞት ለሰው በፊቱ አይነገርም። የአባቴ አባት አገር ቤት ባረፈ ጊዜ እናቴ ወሬውን ከሰማች በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለአባቴ እራት እያቀረበች፣ እየሳቀችለት ኖረች፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጧት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ አውርተው፣ ካረጋጉት በኋላ ነው መርዶውን የነገሩት። ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይመጣም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ አይቼ ነው ያወቅሁት።

«አባባ፣ ድንቹም ቆስጣውም በልክ ይሁንልዎ ነው የምትለው» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጾመኛ ሰው ድሮስ መች ከልክ አልፎ ይበላል!» አለች እናቴ፣ ተሳሳቁ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «ስለ ልቡ ነገርሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ለእናቴ ቤት ስንደርስ ብቻዋን ልነግራት አስቤ ነበር። ማታ ደክሟት ሶፋው ላይ ከነጫማዋ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግሥቱ የልደት ቀኔ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ምክንያት አላጣሁም፤ አባቴም እየደላው የመጣ መሰለኝ። እሱ ራሱ በመኪናው ውስጥ «እነዚህ ሰዎች የቡና ኩባያ ላይ እንኳ ትኩስ ነው ብለው የሚጽፉ ናቸው፤ አትስጊ» ብሎኛል። ሴትዮዋ እንደ ኩባያው ከሆነችስ አልኩ። ወረቀቱን አጥፌ የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን ለበሽተኛ ጾም የለም ብለውት ነበር፣ አባቴ እምቢ አለ። እናቴ እንግዲያው በአትክልት አበረታዋለሁ አለች። ቆስጣውን ቀቅላ አረንጓዴውን መረቅ በብርጭቆ ታጠልልለታለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ «ጠጣ፣ ደም ይሆንሃል» ትለዋለች። አባቴ ብርጭቆውን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ «ጎመን በጤና!» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ስንት ቀን እንዳየሁ አውቃለሁ፣ መጻፍ አልችልም።

ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ባለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ በጣም በላ። ድንች በቲማቲሙን ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሰኞ ጧት ወደ ማሽኑ ሊሄድ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር፤ እኔ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቦርሳዬን እዘጋለሁ። አንዱን እግር አስሮ ወደ ሁለተኛው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ወገብህን ነው?» አለችው እናቴ።

ወገቡን አልነበረም።

ሆስፒታል ውስጥ እዚያው የምትሠራ አንዲት የአገራችን ሴት ሐኪሙን አስተረጎመችልን። እሷ ምንም አላስቀረችም። ትናንት ምን በላ አለ ሐኪሙ፤ እናቴ ነገረችው። ስለ ምግቡ ተነግሯችሁ አልነበረም ወይ አለ። እኔ የእናቴን የሥራ ልብስ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም፤ የምታይበት ምክንያት አልነበራትም።

«ተነግሮኝ ነበር» አለች። «በልክ ይሁን ተብዬ ነበር። ያበዛሁት እኔ ነኝ።»

የልብሷን ጫፍ አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አትክልት በእጇ አልነካችም። በጾም የምትበላው ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሽሮ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «እሷ እኮ ባሕታዊ ናት» ይላሉ። «ኧረ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ስትላቸው እሱንም ከትሕትናዋ ቆጠሩላት። ቤት ውስጥ ማብሰሉን እኔ ያዝኩ። ወረቀቱን ከደብተሬ አውጥቼ ያነበብኩት ያኔ ነው፤ ጥቅል ጎመን በስሱ ተከትፎ በሽንኩርትና በቃሪያ፤ ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርት፤ ቀለል ያለ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሁሉም የጾም። አባቴ ጾሙን መፍታት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ትሪው ላይ ያለውን መለወጥና አንድ ድስት ውሃ መድፋት ብቻ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። እሳቸው አልቅሰው ሰሙኝ፣ ስግደት ሰጡኝ፣ ሁለተኛ ነገርም አዘዙኝ፤ «ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ተባልኩ፤ ቆረብኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። እናቴን ወደ ቤቴ አመጣኋት፣ የሚለሰልስ ፍራሽ ገዛሁላት፣ ሐኪም ቤት አመላለስኳት። ሁለተኛውን ነገር ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አቆየሁት፤ ያኔ ወረቀቱን እንዳቆየሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን፣ ለባለቤቴ እራት ሳቀርብ እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር። እሱ ገና ከሥራ አልገባም።

«ድንቹን አታብዢበት» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ ጤነኛ ነው።»

«አባትሽም እየተሻለው ነበር። እኔ ነኝ እንጂ…»

እንደ ወትሮው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ምድጃውን አጠፋሁ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሴትዮዋን ቀይ መነጽር፣ ጡጫዋን፣ «ሌላ የለም» ያልኩትን፣ ወረቀቱን። ስጨርስ እናቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች ነበረች። 

«ለካህን ነግረሻል?»

«ነግሬያለሁ።»

«መቼ?»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።»

ጣቶቿን አየች፤ ስትቆጥር ነበር መሰለኝ።

«አንቺ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ተፈታሽ» አለች። «እኔ በዚህ እጄ ባሌን ገደልኩ ብዬ ሥጋ ወደሙ ሳልቀበል አረጀሁ።»

ሳትቆርብ መኖሯን አላውቅም ነበር። በአንድ ቤት እየኖርን፣ በአንድ መኪና ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ ፊት ስሄድ እሷ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ የምትቀረው እግሯን ስለሚያማት ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ጧት ክፍሌ በር ላይ ቆመች።

«ልጅ ነበርሽ» አለች። «ልጅን በሽማግሌ ቦታ ያስቀመጥን እኛ ነን። ተነሺ፣ ወደ አባ ውሰጂኝ።»

ወሰድኳት። በዚያ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ፣ ነጭ ለብሳ፣ ክንዷን ይዣት፣ ከሕፃናቱ ኋላ ተሰልፈን ቆረበች። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ከዓይኗ በቀር የሚታይ አልነበረም፣ ዓይኗ ግን ይታይ ነበር።

በቀጣዩ የገና ጾም አረፈች፤ በሰላም፣ በአልጋዋ ላይ፣ ተመስገን። ለአባቴ እግዚአብሔር የሰጠው ዕድሜ ስንት እንደነበረ አላውቅም፣ እሱን የምቆጥረው እኔ አይደለሁም። የእናቴን ግን ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ አንድ ሁዳዴ፣ ሠላሳ አንድ ጸሎተ ሐሙስ፣ መቁረብ ትችል ነበር። የቆረበችው አንድ ጊዜ ነው።