ዘፈኑ የሚጠብቃቸው ሰው

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። መርሳ ከተማ ላይ የልብስ ስፌት ቤቴን በከፈትኩ ሰሞን መሆኑን ብቻ ነው የማስታውሰው። ዛሬም ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ክራር ማንም ሳይነካው ይነዝራል። ያን ጊዜ እኒያ ገበሬ ፊቴ ድቅን ይላሉ።

በገበያ ቀን ግራና ከሚባለው አገራቸው ይመጡ ነበር። እኔ ገና ጎረምሳ፣ እሳቸው ልጅ ለመዳር የደረሱ አባት። ከስፌቱ ጎን ለጎን ክራር አስተምር ነበርና፣ ልጃቸው ስትዳር አንዲት ዘፈን በገዛ እጃቸው ሊጫወቱላት ተመኝተው ነው ክራር አስተምረኝ ያሉኝ። ይዘውልን የሚመጡት ብርቱካን ሽታ ከከሰል ካውያው ጢስ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ይሞላው ነበር።

ጣታቸው ግን አልፈታ አለ። ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እስኪሻገሩ ዘፈኑ ጥሏቸው ይሄዳል።

«ታገሠኝ እንግዲህ፣ ሞፈር የለመደ እጅ ነው» ይሉና ይስቃሉ።

ባለቤቴ ከምትዘመዝመው ልብስ ቀና ሳትል ትዘፍንላቸው ነበር። እሳቸው የሚዘገዩበት ቦታ ስትደርስ ድምጿን ታስረዝመዋለች፤ ጣታቸው ሲደርስ ትቀጥላለች። እሳቸውም ዘፈኑ እንዲያ የሚሄድ መስሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

አንድ ገበያ እሷ ወልድያ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሠርጉ ቀርቧል። እውነቱን ባሳያቸው ይሻላል ብዬ በፍጥነቱ ልክ ዘፈንኩት። አንዴ ወደኋላ ቀሩ፤ ሁለቴ ቀሩ። በሦስተኛው ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

«ለካስ ስትጠብቀኝ የከረመችው ባለቤትህ ናት» አሉ።

«ይለምዱታል፣ ጋሼ።»

«አይ። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ፊት ሳላፍር ዐወቅሁት።»

አልተቆጡም። ብርቱካኑንም እንደ ወትሮው ትተውልን ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲያ ግን አልመጡም።

ሠርጉ ላይ ተጠርተን ሄድን። የሚዘፈነው በቴፕ ነበር። እሳቸው እንግዳ ሲያስተናግዱ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም፣ «ብሉ እንጂ፣ ምነው» ብለው ፈገግ አሉ። የቆረስኩትን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

ስንመለስ ባለቤቴ፣ «እኔ እኮ ሠርጉም ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ልዘፍንላቸው ነበር ያሰብኩት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቶሎ የማይገባው ተማሪ ሲመጣ ማስተማሩን ፈራሁት። እሷ ናት ጎኔ ተቀምጣ «ቆይ... ቆይ... አሁን» እያለች የሰው ጣት መጠበቅን ያስለመደችኝ። በዚህ እኔም ዘገምተኛ ነበርኩ፤ አንድ ቀንም አልሰለቸኋትም።

ነፍሷን ይማረውና፣ ስሟ ይመኙሻል ነበር።