የክርስትና ስምዎን ያስገቡ

በ2008 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት እንጅባራ ውስጥ በሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጠው የገዛ ጽሑፋቸውን ለማንበብ ቢሞክሩ ድረ ገጹ አላስገባቸውም።

ድረ ገጹ የአዊኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ቃል አውቃለሁ የሚል ሁሉ አካውንት ከፍቶ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል። የጻፈውን ለሕዝብ ሳይከፍት በረቂቅ ማቆየት የፈለገም ይችላል። ረቂቅን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያይም። መምህርቷ የፈለጉት እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነው። እናታቸው ዳንግላ ታመው በተኙበት ወራት የተናገሩትን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው በስልካቸው ጽፈውት ነበር። እናታቸው ጥር ላይ ዐረፉ። ስልኩ ደግሞ ከጫግኒ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ቀረ። ፓስወርዱን የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ነበር። በወረቀት የተጻፈ ምንም የለም።

«እሑድ ተዝካር ነው» አሉ። «ወንድሞቼ ይመጣሉ። የእናታችንን ቃል አነብላችኋለሁ ብያለሁ።»

ድረ ገጹን የምንመራው አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛዋ እኚሁ መምህርት ናቸው። ሁለተኛው ከጥርባ የሚመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ አዊኛ አፍ የፈቱበት ነው። ሦስተኛው ገጹን የሠራው ቴክኒሻን ነው። እኔ አራተኛው ነኝ፤ ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነው። አዊኛ አልሰማም፤ የተመረጥኩት ቃለ ጉባኤ መጻፍ ስለምችል ነው።

መጀመሪያ ገጹ መግቢያ አልነበረውም፣ ማንም ይጽፍ ነበር። የዳንግላ ሰው የጻፈውን የእንጅባራ ሰው ያጠፋዋል፣ ዳንግላ መልሶ ይጽፈዋል። የአንዲት ቅጠል ስም ምሳ እስክንበላ ተለዋውጦ መጀመሪያ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ ሰው በምን ይግባ የሚለውን ለመወሰን ተሰበሰብን።

ቴክኒሻኑ ኢሜይል አለ። አዛውንቱ ኢሜይል እንዳላቸው ተናገሩ፤ የከፈተላቸው የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ስለሆነ የሚያነበውም እሱ ነው። በስልክ መልእክት ኮድ እንላክ ተባለ። መምህርቷ በገጠር አንድ ሲም ካርድ የሦስት ቤት መሆኑን አስረዱ። በፌስቡክ ይግቡ ተባለ። ፌስቡክ የተዘጋ ቀን እኛም እንዘጋለን አልኩ። በመጨረሻ ፓስወርድ ሆነ፤ ፓስወርዱን ለረሳ ሰው ደግሞ አንድ የሚስጥር ጥያቄ።

«ሌላ ሰው የማያውቀው፣ እሱ ግን የማይረሳው ነገር ምን አለ?» ሲል ጠየቀ ቴክኒሻኑ።

«የክርስትና ስም» አሉ መምህርቷ።

ማንም አልተቃወመም። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለንስሐ አባት እንጂ ለጎረቤት አይነገርም። መተት ለሚሠራ ሰው እሱና የእናት ስም ይበቃዋል ይባላል። ከዚህ የጠበቀ ሚስጥር ከየት ይገኛል? እጅ ወጣ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ። መልሱን ያልመለሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አይከፈትለትም የሚለውም አብሮ አለፈ።

ያን ማክሰኞ መምህርቷ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ስልክ ሦስታችንንም ጠሩን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ውጭ ያካፋል። በስክሪኑ ላይ «የክርስትና ስምዎን ያስገቡ» ይላል።

«ዙሩልኝ» አሉ።

ሦስታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን። ከፊት ለፊቴ የጉርድ ፎቶግራፍ ዋጋ ተለጥፏል። ከኋላችን የቁልፎች ድምፅ ተሰማ።

«አይደለም ይላል።»

«በየትኛው ‹ሰ› ጻፉት?» አለ ቴክኒሻኑ ወደ ግድግዳው። «በእሳቱ ነው በንጉሡ?»

«በንጉሡ።»

«በእሳቱ ይሞክሩት።»

ሞከሩ። አይደለም ይላል። ‹ሀ›ውን በሐመሩ አደረጉት፣ በብዙኃኑም አደረጉት። አይደለም ይላል። አዛውንቱ አንገታቸው እንደዞረ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ፊደል ነው የተጠመቅሽው?» አሉ።

«አያ፣ እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ።»

ቴክኒሻኑ በትዕግሥት «እትዬ፣ ሲመዘገቡ ያስገቡት በትክክል እንዴት ነበር? እኔም አላየውም። ልክ ነው ወይም አይደለም ይለኛል እንጂ አያሳየኝም» አለ።

የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ።

«ስመዘገብማ» አሉ መምህርቷ፣ «እውነተኛውን መቼ ሰጠሁና?»

ዞርን።

«ስሜን ለኢንተርኔት እሰጣለሁ እንዴ?» አሉ። «ያኔ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ሰጠሁት። የቱ እንደነበር ጠፋኝና ዛሬ እውነተኛውን ሞከርኩ።»

«ጥያቄውን ያመጡት እኮ እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«ለሌላው ሰው ነዋ።»

አዛውንቱ እሳቸውም የፈረሳቸውን ስም እንዳስገቡ ነገሩን። ቴክኒሻኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ደንቡ ግልጽ ነው፣ መልሱን ያልመለሰ አይከፈትለትም። መምህርቷ ደንቡን አልካዱም። እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሰብስበው «እሑድ ምን ልላቸው ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ለእርስዎ ከከፈትኩ ነገ ለሚመጣው ሁሉ እከፍታለሁ» አለ ቴክኒሻኑ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ተው እንጂ አንተ ልጅ» አሉ አዛውንቱ። «ሰው ማንነቱ ሲጠፋ ዋስ ይጠራል። እኔ አንድ። እናቷ ከእኛ አጥር ማዶ ነው ያደገችው። ጋዜጠኛው ሁለት።»

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«ሴትዮዋን አውቃለሁ» አልኩ። «አካውንቱን ሲከፍቱ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጋዜጠኛ ዋስ ከሚሆንልህ እስር ቤቱን ብትለምደው ይሻልሃል» አሉ።

ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞረው በአዊኛ አንድ ነገር ጀመሩና ግማሽ ላይ አቆሙ። መምህርቷ ቀሪውን ጨረሱት። ከጨረሱ በኋላ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አዛውንቱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ቴክኒሻኑ።

«ይቅርብህ» አሉ ሁለቱም።

«ስድብ ነው?» አልኩ።

«ምክር ነው» አሉ መምህርቷ። «ድምፁ ነው ስድብ የሚመስለው። እናታችን ሁሉን ነገር በዚያ ድምፅ ነበር የምትናገረው።»

«ፈረሴ ገብሳቸው ውስጥ የገባ ለታ» አሉ አዛውንቱ፣ «ምክሩን ሙሉውን ሰምቻለሁ።»

መምህርቷን ይህ ቃል በረቂቃቸው ውስጥ እንዳለ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያው ነው አሉኝ። ቴክኒሻኑን ረቂቁን ማየት ይቻለው እንደሆነ ጠየቅሁት። ገጹን የሠራው እሱ ስለሆነ ከጀርባ፣ ያለ ፓስወርድ ገብቶ ማየት እንደሚችል አመነ። ይህን ከዚያ በፊት ለኮሚቴው አልነገረም ነበር። ሌላው ቀን ቢሆን አንድ ስብሰባ ይፈጅ ነበር።

መምህርቷ አሰቡበት። «አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?» አሉት።

«የደብረ ማርቆስ።»

«አዊኛ ትሰማለህ?»

«አልሰማም።»

«እንግዲያ አንተ እየው። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ።»

ከፈተውና አነበበው። በፊደል የተጻፈ አዊኛ ነው፣ ለእሱ ድምፅ ብቻ ነው። የሚጠብቀውን አላላ፣ የሚላላውን አጠበቀ። አዛውንቱ ሁለት ቦታ አረሙት። ሲጨርስ ቅድም ከሁለቱ አፍ የሰማሁት ነበር፤ መነሻውም መጨረሻውም ያው።

«አሁን ዋስ ነኝ» አልኩ።

አዲስ ፓስወርድ ተሰጣቸው። እንደገና ዙሩልኝ አሉ፣ ዞርን። ገቡ። ረቂቁን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጮክ ብለው አላነበቡም። እዚያው ቤት አሳትመው፣ አጥፈው ጉያቸው አስገቡትና በዳንግላ ሚኒባስ ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ላገኘኋቸው አባላት ሁሉ ደወልኩ። እውነተኛውን መልስ ሰጠሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሙስሊም ነው፤ «የለኝም» ብሎ ጽፏል። ኮሚቴው የሚስጥር ጥያቄውን አነሣው። ፓስወርዱን የረሳ ሰው አባል የሆኑ ሁለት ዋሶች እንዲጠራ ተወሰነ። ዋስ ስለሚያውቀው ነገር ብቻ እንዲመሰክር የሚል ሐረግ እንዲጨመር ጠየቅሁ፣ ተጨመረ። ቴክኒሻኑም ከጀርባ መግባት እንደሚችል በገጹ መግቢያ ላይ በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ረቂቃቸውን ከገጹ ላይ ያነሡ አባላት ነበሩ።

እሑድ ዳንግላ ሄድኩ። ድንኳኑ ከግቢው ተርፎ መንገዱን ይዟል። ቄሶቹ በልተው ከተነሡ በኋላ መምህርቷ ወረቀቱን ከጉያቸው አወጡ። ወንድሞቻቸው አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአዊኛ አነበቡ። የመጀመሪያው ላይ የድንኳኑ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሁለተኛውም ላይ ሳቀ። ሦስተኛውን ሲያነቡ ታላቅ ወንድማቸው እጁን አነሣና ያ ለእሱ የተነገረ መሆኑን ተናገረ። እንደገና እንዲያነቡለት ጠየቃቸው።

እንደገና አነበቡለት።