ከኋላዬ ያለውን የሚያሳይ ሌንስ

መዳፍ ውስጥ ለምትገባ ካሜራ የሚሆን ሌንስ ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ሰው ለትዳር እንኳ ይህን ያህል አያገላብጥም። በምሳ ሰዓት ሱቄን ገርበብ አድርጌ የቴሌግራም ገበያውን እከፍታለሁ፤ ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትሩን ከሠላሳ አምስቱ፣ ሠላሳ አምስቱን ከሃምሳው አነጻጽራለሁ፣ ክብደታቸውን በግራም አነባለሁ፣ ለሻጩ “አለ?” ብዬ እጽፍለትና “አለ” ሲለኝ ድምፄን አጠፋለሁ። የቸገረኝ ምርጫው አልነበረም። የትኛውን እንደምፈልግ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር፤ የፈራሁት እሱኑ ነው።

ፎቶ አንሺ ነኝ። ሱቄ ዓለም ገና ነው፣ ከሰበታ ትንሽ ወዲህ፣ የሆሳዕናው መንገድ ከጅማው የሚለይበት አካባቢ። እኔም ከሆሳዕና ማዶ ካለ ገጠር ነው የመጣሁት። አጎቶቼ “ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ሄዳ ምን ልትሆን ነው?” ብለው ሲቆጡ፣ እናቴ በቤተሰቡ ሁሉ ፊት ተነሥታ “ልጄ ሰው ትሆናለች” አለችና ሸኘችኝ። አራት ዓመት ክር ፋብሪካ ሠራሁ። እሑድ እሑድ አንድ ፎቶ ቤት እያገዝኩ ሥራውን ለመድኩና በኋላ የራሴን ጠባብ ሱቅ ተከራየሁ።

ደንበኞቼ አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፣ በፋብሪካና በግንባታ የሚሠሩ። እሑድ ከቸርች ሲወጡ በዚያው ልብሳቸው ይመጣሉ። ለአገር ቤት የሚላክ ፎቶ ሕግ አለው፤ ሙሉ ቁመት መሆን አለበት፣ ጫማም መታየት አለበት። እናት መጀመሪያ የምታየው ጫማውን ነው፣ ቀጥላ ጉንጩን፣ ልጄ ከስታለች ወይስ ደህና ናት ብላ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው ይላሉ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የድሮው ካሜራዬ ትልቅ ነበር። ይዤው መንገድ ላይ ስወጣ አንዱ “የየትኛው ቴሌቪዥን ነሽ?” ይለኛል፣ ሌላዋ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ የአጥር ዘበኛው ደግሞ ፈቃድ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ሸጬው ሚረርለስ የሚሏትን ካሜራ ገዛሁ። ትንሽ ናት፤ ሰው መጫወቻ ትመስለዋለችና አይሸሻትም። ትንሽ ካሜራ ገዝቶ ትልቅ ሌንስ መግጠም ግን ለአህያ የበሬ ቀንበር መጫን ነው። ትንሽ ሌንስ ያስፈልጋታል፣ ዙም የሌለው፤ መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይሄዳል። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ የሌንሱ ቁጥር ሲያንስ በአንዴ ብዙ ነገር ያያል፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፣ የሚያየው ግን ይጠብባል።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሰማንያ አምስቱን ነው። እሱ ፊትን ጥርት አድርጎ ያወጣና ከኋላ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። ልጆቹ “ብለር” ይሉታል፤ አበዱለት። ቡራዩ ሥራ ሲኖረኝ ገፈርሳ ግድብ ዳር ወስጄ ያነሣኋቸው እንደሆነ ውሃውና ባሕር ዛፉ ተቀላቅሎ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይሆናል። ሰበታ ጭቃ ላይ ያቆምኳትን ልጅ አበባ መሃል የቆመች ያስመስላታል፤ የፋብሪካው ቆርቆሮ አጥር ብር ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው ሰማንያ አምስት ሌንስ አላየም።

ያንን ሌንስ ከሁሉ አብልጬ የተጠቀምኩበት ራሴ ነኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ፣ መብራቶቹ መብራት ሲጀምሩ፣ ጓደኛዬን ካሜራውን አስይዤ ተነሣሁና ለእናቴ ላክሁ። እናቴ ስልክ የላትም፤ የወንድሜ ሚስት ናት በራሷ ስልክ የምታሳያት። በማግስቱ እናቴ በዚያው ስልክ ደወለች።

“ከኋላሽ የሚያበራው ምንድን ነው?”

“ግቢው ነው” አልኳት።

“ግቢሽ?”

“አዎ።”

ያቺ “አዎ” አምስት ዓመት ገዛችኝ። በአጎቶቼ ፊት ስለ እኔ የተናገረችው ቃል መሬት እንዳይወድቅ ብዬ ነው፣ ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነበር። በየበዓሉ አዲስ ፎቶ እልካለሁ፣ ከኋላዬ ሁልጊዜ የሚያምር ብዥታ አለ። የምኖረው ግን ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ ስድስት በር ያለው ግቢ ውስጥ፣ በሦስት እርምጃ ተኩል በምታልቅ አንዲት ክፍል ነው። ኮርኒሷ ማዳበሪያ ነው። ቧንቧውና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ሰው አያፍርበትም፣ ግማሽ ሰበታ እንደዚያ ነው የሚኖረው። እኔ ግን አፈርኩበት።

እውነቱን ለመናገር፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የምመኘው እናቴ መጥታ እኔ ቤት እንድታድር ነበር። በመስከረም በመስከረም እኔ እሄዳለሁ፣ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። እዚያ ግን እንግዳ ነኝ። ጨርቅ ያነጠፈችበት ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ዕቃ ላጥብ ስል ከእጄ ትነጥቀኛለች፣ ጎረቤት ጠርታ “ልጄ መጣች” ብላ ታሳየኛለች። እኔ የናፈቀኝ ሌላ ነው። በሬን ከፍታ ገብታ፣ ድስቴን ገልጣ፣ “ይሄ ጨው የለውም” እንድትለኝ ነው የናፈቀኝ። ታይፎይድ ይዞኝ ሳምንት የተኛሁ ጊዜ፣ ግንባሬ ላይ የፈለግሁት የእሷን እጅ ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ደውላ “ድምፅሽ ምን ሆነ?” ስትለኝ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” አልኳት።

“ነይ እንጂ” እላታለሁ በስልክ። “ከብቶቹን ለማን ትቼ?” ትለኛለች። ቅር ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ እላለሁ። ሁለቱም ከልቤ ነበሩ። የሆሳዕናው አውቶቡስ ሱቄ ፊት ለፊት ሲቆም ግን ሥራዬን ትቼ አያለሁ። ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ ግራ ቀኙን እያዩ፣ ልጅ ይቀበላቸዋል። አረማመዷ የእናቴን የሚመስል ከወረደች እስክትርቅ ድረስ በዓይኔ እሸኛታለሁ። ደንበኛ ካለ “አንዴ” እለዋለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ባለፈው ሳምንት ያነሣኋት የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ተመልሳ መጣች። ፎቶዋ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምር ነበር፤ እኔም ሱቁ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር። እሷ ግን ደስ አላላትም።

“እቴቴ፣ አባቴ ተቆጣኝ” አለችኝ። “‘ፊትሽን አየሁት፤ ከኋላሽ ያለውን ማን ደበቀው? ልጅ የት እንዳለች ካልታየ ፎቶው ምን ይጠቅመኛል?’ አለኝ። ሌላ አንሺኝ፣ ሁሉም የሚታይበት። የምንኖርበትን ቤት፣ ጓደኞቼን ሁሉ።”

“ሌንሱ ነው እንደዚያ የሚያደርገው” አልኳት።

“እሱማ ነግሬው ነበር። ‘እንግዲያው ሌንሷ ውሸታም ናት’ አለ።”

ሳቅን። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሥራ አልያዝ አለኝ። የማላውቀው ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሰደበኝ፣ ስድቡም ልክ ነበር። ሰማንያ አምስቱን ይዤ ልጅቷና ጓደኞቿ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ክፍል ሄድኩ። ከበሩ ውጭ ወጥቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ ጀርባዬ አጥሩን ነክቶም የማየው አንድ ፊትና ግማሽ ትራስ ብቻ ነው። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ያስፈልገኛል አልኩ። ስምንቱ ወር የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ለልጆቹ ነው እያልኩ ነበር፤ ሌንስ በገመትኩ ቁጥር ግን በሐሳቤ የምለካው የራሴን ክፍል ነበር።

በመጨረሻ በሁለት ታክሲ ቡራዩ ሄድኩ። እዚያ ልብስና ጫማ የሚሸጡ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ነጋዴ አሉ፤ ወንድማቸው ከዱባይ ዕቃ ሲያመጣ ሌንስም ጣል ያደርግላቸዋል። ሌንሶቹን በሕፃን ካልሲ ውስጥ ከተው በተቆለፈ መሳቢያ ነው የሚያስቀምጡት። ሁለት ካልሲ አወጡልኝ።

“ይቺ ሠላሳ አምስት ናት፣ ጨዋ ናት” አሉኝ። “የምትፈልጊውን ታሳይሻለች፣ ሌላውን ትተውልሻለች። ይቺኛዋ ሃያ ስምንት ናት። ሐሜተኛ ናት፣ ምንም አትደብቅም።”

እዚያው ሱቁ ውስጥ ጀርባዬን መደርደሪያው ላይ ለጥፌ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። በሠላሳ አምስቱ ጋሼንና የተደረደሩትን ጫማዎች አየሁ። በሃያ ስምንቱ ጋሼን፣ ጫማዎቹን፣ የተሰበረውን ጣውላ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን የስግደት ምንጣፋቸውንና ያላለቀ ምሳቸውን አየሁ።

“ለጠባብ ቤት የቱ ይሻላል፣ ጋሼ?”

“ስንት እርምጃ ነው?”

“ሦስት ተኩል።”

“ያንቺ ቤት ነው?”

“አይ፣ የደንበኛዬ ነው።”

ቀና ብለው አዩኝና ሌንሷን ወደ ካልሲዋ መለሷት። “ለደንበኛሽ ሃያ ስምንቷን ውሰጂላት” አሉኝ። “ሰው ቤቱን አይቶ አይሞትም።”

ሃያ ስምንቷን ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልሞክራት ብዬ ካሜራዋን ቤቴ በር ጋ በተደፋ ባልዲ ላይ አስቀመጥኳት። የቤቱ ባለቤት፣ አዴ የምንላቸው፣ ውሃ ሊቀዱ ሲያልፉ አዩኝ። “አካም ቡልቴ? ደህና አደርሽ? ዛሬ ደግሞ ቤቱን ነው የምታነሺው?” አሉኝ። “ሌንስ ልሞክር ነው፣ አዴ” አልኳቸው። “ቀለም ቀቢ ብዬሽ ነበር” ብለው አለፉ። ካሜራዋ በራሷ እንድታነሣ አስተካክዬ ሄጄ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አቀማመጤን አላሰብኩበትም።

ፎቶውን ስከፍተው ሁሉም ነገር አለ፣ እስከ ጥጉ ጥርት ብሎ። አልጋው አለ፣ ጀሪካኑ፣ ምድጃው፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የቸርች ቀሚሴ፣ ረግቦ የወረደው የማዳበሪያ ኮርኒስ። መሃል ላይ እኔ፣ ሁለት እጄን ጉልበቶቼ መሃል ከትቼ። እናቴ ስትደክም እንደዚያ ነው የምትቀመጠው። እናቴ በጣም ናፈቀችኝ፣ ከኩራቴ በላይ ናፈቀችኝ፣ ፎቶውንም ሳላስብ ላክሁት አልልም፣ አስቤ ላክሁት። “ቤቴ ይሄ ነው በያት” ብዬ ለወንድሜ ሚስት ጻፍኩላት።

አራት ቀን ምንም የለም። እነሱ መንደር ኢንተርኔት የሚይዘው ገበያው ያለበት ዳገት ላይ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እያወቅሁም እህል አልበላ አለኝ። ረቡዕ ስልኩ ጠራ። በቋንቋችን ነው የተነጋገርነው።

“ያቺ ናት ቤትሽ?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“ሌላ ክፍል የላትም?”

“የላትም።”

ለምን ዋሸሽኝ የምትለኝን ጠበቅሁ፤ ምን እንደምመልስላት አራት ቀን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። እሷ ግን አልጠየቀችኝም።

“በአልጋውና በጀሪካኑ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ምን ይደረግበታል?”

“ምንም። ባዶ ነው።”

“ምንጣፍ ይበቃዋል?”

“ይበቃዋል።”

“እኔ እተኛበት ነበር” አለችኝ።

“ከብቶቹን ለማን ትቼ ትዪኝ ነበር እኮ” አልኳት።

“ከብቶቹን ወንድምሽ ይይዛቸው ነበር። እኔ ያን የሚያበራውን ግቢ አይቼ ነው። እንደዚያ ያለ ቤት በዚህ እግሬ ረግጬ ገብቼ ልጄን በሰው ፊት አላሳፍራትም ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጮውን ጠቅልዬ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።”

“አሁን ነይ” አልኳት። “እኔ ራሴ መጥቼ ላምጣሽ።”

“አሁንማ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ። ቸርች እንኳ ተደግፌ ነው የምሄደው። ያን መንገድ ተቀምጬ አልችለውም።”

ሱቄ ፊት ለፊት አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያራግፋል። ጀርባዬን ሰጠሁት። እንዳለቀስኩ አውቃ እንደሆነ አላውቅም፤ የወንድሜን ሚስት “ፎቶውን እንደገና ክፈቺልኝ” ስትላት ሰማሁ።

“ስትተኚ ፊትሽን ወዴት አዙረሽ ነው?” አለችኝ።

“ወደ ግድግዳው።”

“እንግዲያው ዛሬ ወደዚያ ባዶ ቦታ፣ ወደ እኔ ዞረሽ ተኚ።”