ለእትዬ ገጽ የሚገልጡት ጋሼ

"ጋሽ ገልባጭ" ስንላቸው የሰማ ሁሉ አሸዋ የሚያመላልሱ ሾፌር ይመስሉታል። ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው። በእኛ ኦርኬስትራ ሁለት ቫዮሊን አንድ ኖታ ይጋራል፤ ገጹ ሲያልቅ በውስጥ በኩል የተቀመጠው መጫወቱን ትቶ ይገልጣል፣ በውጭ በኩል ያለው አያቋርጥም። ጋሼ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ለሚቀመጡት ለእትዬ ሲገልጡ ኖሩ። እኔ ከኋላቸው ስለምቀመጥ የሁለቱን ማጅራት ከእናቴ ፊት በላይ አውቀዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጋሼ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጠርተውኝ "ዓይኔ ከዳኝ" አሉኝ። ኖታው ከነጭ ጨርቅ አይለይላቸውም ነበር። የምንጫወተውን ሁሉ በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው መሪያችን ያልነቃባቸው። ቢነቃ በማግስቱ ያሰናብታቸዋል።

"ታዲያ ለምን አያርፉም?" አልኳቸው።

"እሷን ለማን ትቻት? ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጣ አታውቅም። ጡረታ እስክትወጣ ልታገሥ። አደራ፣ ካንቺ እንዳያልፍ!"

ታገሡ። ደረጃውን ሦስት ቦታ እያረፉ ይወጣሉ። ልጃቸው "አባዬ፣ ይበቃሃል" ብላ ብላ ሰልችቷታል። ልምምድ ላይ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ያንኑ የለመድነውን የጣሊያን ሲምፎኒ ይዘን ወጣን። ደራሲው ጣሊያናዊ አይደለም፤ ለጉብኝት ሄዶ ፀሐይ እየሞቀ ጻፈው ይባላል። እሱ ሞቀ፣ እኛ ትከሻችን አለቀ። መጨረሻው የጣሊያኖች ጭፈራ ነው፣ መተንፈሻ አይሰጥም። እዚያ መሐል ጋሼ እጃቸውን ሰደው ገለጡ። ሁለት ገጽ አንድ ላይ!

ከኋላ ሆኜ አየሁት። አሁን እትዬ ይሳሳታሉ፣ መሪው ዞር ይላል፣ አለቀላቸው አልኩ። እትዬ ግን አንዲት ድምፅ ሳይስቱ ተወጡት።

ጭብጨባው አብቅቶ ቫዮሊናችንን ስንከት ጋሼ ላብ በላብ ሆነው ወደ እትዬ ዞሩ።

"ይቅር በይኝ፣ ሁለት ገጽ ገለጥኩብሽ። ጣቴ ላይ ሲወፍር ነው የታወቀኝ።"

"የቱ ጋ?" አሉ እትዬ።

"ጭፈራው ላይ ነዋ! አላየሽም እንዴ?"

እትዬ የቫዮሊናቸውን ሣጥን በዳሰሳ ቆለፉ። "እኔ በምን ዓይኔ! ኖታ ማየት ካቆምኩ አምስት ዓመቴ እኮ ነው። ገጹ ማለቁን አንተ ስትገልጥ ነው የማውቀው።"

ጋሼ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። "ታዲያ ለምን አታርፊም ነበር?"

"አንተን ለማን ትቼህ?"

ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ይባላል፤ እነዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጭፈራ ተጫወቱ። ልስቅ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ።

"ደክሞኛል" አሉ ጋሼ።

"እኔስ ብትል!" አሉ እትዬ። ከዚያ ተደጋግፈው ደረጃውን ወረዱ። የትኛው የትኛውን እንደያዘ አልለየሁም።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም የስንብት ደብዳቤ አስገቡ። እኔ በጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ አንድ አዲስ ሰው መጣ። የኖታው የታችኛው ጥግ በጋሼ እጅ ወዝ ጠቁሯል። ገጹ ሲያልቅ ጣቴን እዚያው ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁ መሰለኝ፣ ሰውዬው በክርኑ ነካ አደረገኝ።

"ግለጪው እንጂ እህቴ! እኔ እኮ እያነበብኩ ነው የምጫወተው።"