ሞራ የነካው መያዣ

አባቴ እረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። እየበላም ይነሳል፣ መስኮት ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እናቴ በትግርኛዋ «ኧረ በማርያም! ምን ያቅበጠብጥሃል?» ትለዋለች። እኔም የወረስኩት ያንኑ ነው፤ ይህችን ስጽፍ እንኳ ስንት ጊዜ ብድግ እንዳልኩ ቤት ይቁጠረው።

የምንኖረው አስመራ፣ ቃሓውታ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ከጎንደር በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ፣ እናቴ ያገሩ ልጅ። እሱ ባማርኛ ይቆጣል፣ እሷ በትግርኛ ትመልስለታለች። እኔና እሱ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ እንሠራ ነበር፤ እሱ ማሽን ይጠግናል፣ እኔ የሞላውን ጠርሙስ እከድናለሁ። ጠርሙሱን የሚሞላው ማሽኑ ራሱ ነው። ዘይቱ የሚወርድባቸው ቀጫጭን የናስ አፎች አሉት፤ በጣሊያንኛው ኡጄሎ እንላቸዋለን። እነሱን አሰልፎ የያዘው ወፍራም ብረት መያዣው ነው። መያዣው ከላላ ኡጄሎው ይወዛወዛል፣ ዘይቱም በጠርሙሱ አንገት ላይ ይንጠባጠባል።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን መያዣው የሚታሰርበት ጥርስ ተበልቶ ላላ። ያን ጊዜ ደግሞ ከተማው ሁሉ ዘይት ዘይት ይላል። አለቃችን ካፖው ስለ ጾም ግድ የሌለው ጣሊያን ነው፤ አባቴን ጠርቶ «እስከ ነገ ካላስተካከልከው ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለው። ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ናቸው፤ የኔ ደሞዝ ደግሞ ለራሴም አይበቃ። አባቴ በቶርኖ ማሽን አዲስ ጥርስ አወጣለት። መልሶ ገጠመው። አሁንም ጠብ፣ ጠብ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ማሽኑ ይሠራል፤ ጠብታ የሚባል የለም። ካፖው የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ብራቮ!» ብሎት ሄደ። እፎይ አልኩ። አባቴ ግን ማሽኑን ይዞራል፣ መያዣውን ይዳስሳል፣ ጣቱን ያሸታል። በመጨረሻ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሜ ሞራ ቀብቼዋለሁ።»

«የምን ሞራ?»

«የበሬ ነዋ! ጨነቀኝ፤ ያገኘሁት እሱን ነው። ዘይቱ ለብ ብሎ እንደሚወርድ ረሳሁት። እየቀለጠ እየገባ ነው።»

ያ ሁሉ ጠርሙስ ለሚጾም ሰው ቤት ነው የሚሄደው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያሰብኩት ስለ ሰው ጾም አልነበረም።

«አባዬ፣ በናትህ ዝም በል! ማን ያውቃል? ከዚህ ከወጣህ ምን ልንበላ ነው?»

«ቅዳሜ ለኛም ጠርሙስ ይሰጡናል» አለ። «እናትሽ ናት የምትበላው። እያወቅኩ ላብላት?»

ሄደ፣ ተመለሰ። እጄን ያዘኝ፣ ለቀቀኝ። ከዚያ ማሽኑን አጠፋው። መፍቻውን አንስቶ መያዣውን ሲነቅለው ዘይቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። «የዛሬው ዘይት ሞራ ገብቶበታል! እንዳትከድኑት!» ብሎ ጮኸ። አብረውኝ የሚከድኑት ሴቶች «ወይለይ!» እያሉ አማተቡ። ካፖው ሮጦ መጣ፤ ነገሩን ሲያስረዱት ጭራሽ ደሙ ፈላ። የማያፈሰውን ማሽን ለምን እንደነቀለው እንዴት ይግባው? በሩን አሳየውና «ፉዎሪ!» አለው። ውጣ ማለቱ ነው።

ሲመሽ ቤት ስደርስ አባቴ ለእናቴ እየነገራት ነበር። ኮራ ብሎ፣ እየተንጎራደደ፣ ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። «ላንቺ ስል ነው» አላት። «ጾምሽን እንዳላስገድፍሽ ብዬ ነው።»

እናቴ አማርኛ የምትናገረው የምሯን ስትሆን ብቻ ነው።

«ሳላውቅ ብበላው ኃጢአቱ የኔ አይደለም፤ እግዚአብሔርም አይቆጣኝም» አለችው። «ልጆቼ ሲራቡ ግን እኔ ነኝ የማያቸው። ላንቺ ስል ነው አትበለኝ። እኔ እበላው ነበር።»

ካፖው ሲያባርረው አንገቱን ቀና አድርጎ የወጣው አባቴ፣ ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።