ሳይሰፋ የሚለካ

ልብስ ሰፊው ልብስ አልቆ ሲለካ አይወድም። መጀመሪያ ጨርቁን በላላ የእጅ ስፌት ያያይዝና ደንበኛውን ያለብሰዋል። ከዚያ «እስቲ ይቀመጡ፤ እስቲ እጅዎን ያንሡ» ይላል። መስታወት ፊት ያማረ ልብስ ወንበር ላይ ሰው ሲያንቅ ስንት ጊዜ አይቷል!

ያን ሰሞን ግን እሱን ራሱን ያነቀው የልጁ ነገር ነበር። አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ስለምታበዛ ለምንዬ ይላታል። ሒሳብን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ ፈተና ሲባል ግን ሆዷን ይቆርጣታል። በፈተና ሰሞን አባት የስፌት መኪናዎቹን አቁሞ ቤቱን ጸጥ ያሰኝላታል፤ እሷ ግን ጭራሽ ይብስባታል።

አሁን ሁለት ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል፤ እስከ ዓርብ አንዱን መምረጥ አለባት። አንደኛው የሒሳብ ነው፣ ዝንብ ስታልፍ የሚሰማበት። ሁለተኛው የማሽን ንድፍ ነው፣ ሞተር ቀኑን ሙሉ የሚያጓራበት።

«ይሄ ደግሞ ምን ምርጫ አለው?» አለች እኅቱ፣ ቁልፍ እየተከለች። «በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ ልጅ! ጸጥ ያለው ነው የሚሻላት።»

«እኔም እንደዚያው ነው የማስበው።»

«ታዲያ ምን ይዞሃል?»

«አልለካናትማ።»

«በል እንግዲህ ትምህርት ቤቱን በእጅ ስፌት አያይዘው!» ብላ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

እሱ ግን የምሩን ነበር። ሁለቱም ዘንድ ሄዶ ልጅቱ ሳትወስን አንዳንድ ቀን ክፍል እንድትቀመጥ ለመነ። የሒሳቡ ርእሰ መምህር መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ብሎ የመጣ ወላጅ የለም» አለ። «ግን ማን ይከለክላታል?»

ሰኞ ከሒሳቡ ትምህርት ቤት ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አስከፉሽ እንዴ?»

«አይ፣ ደጎች ናቸው። ግን ዝም አሉ፣ አባዬ። ልቤ ሲመታ ሁሉም የሚሰሙኝ መሰለኝ።»

ማክሰኞ ልብስ ሰፊው የሌላኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ በልቡ ጸሎት ያደርሳል። የምሳ ደወል ተደወለ። ተማሪው ሁሉ ግር ብሎ ወጣ፤ የእሱ ልጅ የለችም። «ወይኔ ልጄን!» ብሎ ዘበኛውን ተማጸነና ወደ ወርክሾፑ መስኮት ሮጠ።

ልጅቱ ከሚያጓራ ማሽን አጠገብ እርሳስ ይዛ ቁጢጥ ብላለች። አንድ አስተማሪ በአንድ እጁ ዳቦውን ይዞ፣ በሌላው ራሱን ያካል።

«ይሄ ማርሽ ለምን አሥራ ሰባት ጥርስ ኖረው? አሥራ ስድስት ቢሆንስ?» ትለዋለች ጮክ ብላ።

«አንቺ ልጅ፣ ምሳዬን ልታስቀሪኝ ነው!» ይላል እየሳቀ።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባት «ጩኸቱስ?» ብሎ ጠየቃት።

«የምን ጩኸት?»

ልብስ ሰፊው መንገድ መሐል ቆመ። ይህች ልጅ ያደገችው በሁለት የስፌት መኪና መካከል፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው። ሕፃን ሳለች መኪናው ሲሠራ ትተኛለች፣ ሲቆም ነቅታ ታለቅሳለች። ያንን እያወቀ፣ በጭንቋ ቀን መኪናውን የሚያቆምባት ማን ኖሯል? እሱው ራሱ!

«ምነው አባዬ?»

«ምንም። ፈጣሪ ሲገልጥ ነው።»

ዓርብ ጠዋት የምርጫው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ልጅቱ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

«ቆረጠሽ?» አለች አክስቷ።

«በጣም።»

«ይቅር እንዴ ታዲያ?» አላት አባቷ።

ትንሽ አሰበች። «አይቅር። እየቆረጠኝም እጽፋለሁ። ግን መኪናውን አስነሣልኝ።»

ልብስ ሰፊው ጨርቅ እንኳ ሳያስገባ ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር።

«ሰውየው አየር መስፋት ጀመረ!» አለች እኅቱ።

እሱ ግን የልጁ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሲነካ አየ፤ በከንፈሩ ብቻ «ተመስገን» አለና እግሩን ሳያቆም ቀጠለ።